ካልተለበሰ ይመለሳል

ቤቱ ሁሉ ተኝቷል፤ ዓይኔን ያፈጠጥሁ እኔ ብቻ ነኝ። ረመዳን ከገባ ወዲህ በዚህ ቤት ቀንና ሌሊት ቦታ ተለዋውጠዋል፤ ሲበስል ሲታጠብ ይነጋና ፀሐይ ስትወጣ መዳም መጋረጃውን ዘግታ «አሁን ተኚ» ትለኛለች፣ እኔም እሺ ብዬ ከዕቃ ቤቱ ጎን ካለችው ክፍሌ እገባና ተንጋልዬ በሩን አያለሁ። በሩ ላይ ቀሚሱ ተሰቅሏል። ጥቁር አረንጓዴ ከፋይ ነው፣ እጀ ሙሉ፣ ደረቱ ላይ ቀጭን ጥልፍ ያለው፤ ከብብቱ ሥር የዋጋ ወረቀቱ ተንጠልጥሏል። በመስኮቱ ስንጥቅ ነፋስ በገባ ቁጥር ወረቀቱ ይዞራል፣ ይቆማል፣ ደግሞ ይዞራል። ይህ አብሃ የሚሉት ከተማ ደጋ ነው። ሳዑዲ ሲሉኝ አሸዋ ብቻ መስሎኝ ነበር፤ እዚህ ግን ጠዋት ጠዋት ጉሙ ከገደሉ ሥር ተነስቶ እስከ አጥሩ ይመጣል፣ ልክ ሰቆጣ በክረምት እንደሚያደርገው፤ ዓይኔን ስጨፍን በየትኛው ተራራ ላይ እንደተኛሁ ይጠፋኛል። ስገልጥ ቀሚሱ አለ። የእማ ቀሚስ። እማ ካለች።

ይኸው አልሁት። ከረቡዕ ጀምሮ ምላሴ ሥር ይዤው ስዞር፣ ሰሃን ሳጥብ ሰሃኑን፣ ወለል ስወለውል ወለሉን ስጠይቀው የነበረውን። እማ አለች ወይስ የለችም? ካለች ለምን ድምጿን አያሰሙኝም? ከሌለች ደግሞ ከመቼ ጀምሮ ነው የሌለችው፣ ሲቀብሯት እኔ የማንን ሸሚዝ እተኩስ ነበር?

ሪሃና አራት ሰዓት ላይ እመጣለሁ ብላለች። ሪሃና የሰቆጣ ልጅ ናት፣ የድሮ አሠሪዬ የእትዬ ፋጤ የወንድም ልጅ፤ ከዚህ ዝቅ ብሎ ኸሚስ በምትባለው ከተማ ሰው ቤት ትሠራለች። ሁለት ዓመት ሙሉ በስልክ እንጂ በአካል መጥታልኝ አታውቅም። ትናንት ደወለችና «ነገ ከሁለት የአገራችን ሴቶች ጋር እንመጣለን፣ መዳምሽን አስፈቅጃለሁ» አለችኝ። «ምነው፣ በደኅና ነው?» አልኋት። «በደኅና ነው፣ ናፍቀሽን ነው። ብቻ ቁርስሽን በልተሽ ጠብቂን።» ሳቅሁባት። «አንቺ ረመዳን፣ እኔ ሁዳዴ፣ ማነው ቁርስ የሚበላ?» እሷም ሳቀች፣ ሳቋ ግን መሀል ላይ ተቆረጠ፤ «እሱስ ልክ ነሽ፣ እንዲያው ውሃ እንኳ ቢሆን ጠጪ» ብላ ዘጋችው። በአገሬ በጠዋት ሦስት ሆኖ የሚመጣ፣ ደግሞ አስቀድሞ ሆድሽ ባዶ እንዳይሆን የሚል ሰው ለምን እንደሚመጣ ሕፃን ያውቃል። መርዶ በስልክ አይነገርም። ብቻውን ላለ ሰውም አይነገርም፤ ሲወድቅ የሚይዘው፣ ወገቡን የሚያቅፈው ሰው መኖር አለበት። እኔ ብቻዬን ነኝ። ለዚህ ነው እህቴ ባንቺ ረቡዕ ዕለት ስትስቅልኝ የዋለችው።

ማንም አልነገረኝም፣ ልብስ አይቼ ነው ያወቅሁት። ትምህርቴን ከስምንተኛ አቋርጬ ፅዮንን ከወለድሁ በኋላ፣ አባቷ ይስማው ወርቅ ቁፋሮ ብሎ ወጥቶ ወሬው ሲጠፋ፣ እትዬ ፋጤ ሰልባጅ ቤት ገባሁ። ያኔ ቡቲክ አልከፈተችም፣ የሰው ልብስ ብቻ ነበር የምትሸጠው። በሽቦ የታሰረው ቦንዳ ከወልድያ በጭነት መኪና ይመጣል፤ «ቢስሚላህ» ብላ ሽቦውን ስትቆርጠው ልብሱ ታፍኖ እንደቆየ ሰው ኡፍ ብሎ ይነሳል፣ የማላውቀው አገር ሳሙና ይሸተኛል። ኪስ መፈተሽ የኔ ሥራ ነው። የአውቶብስ ትኬት አገኛለሁ፣ የፀጉር ሽቦ፣ የመድኃኒት ልጣጭ፣ አንዴም በወረቀት የተጠቀለለ የሕፃን ጥርስ። «እዪ ጥሩሐረግ» ትለኛለች፣ «ክርኑን እዪ። ይሄ ሰውዬ ጠረጴዛ ተደግፎ የሚውል ነው። ይሄ ጉልበቱ የሳሳው ተንበርክኮ የሚሠራ ነው። ይችኛዋ ደግሞ እጅጌዋን ትነክስ ነበር፣ የጨነቃት ናት።» ያልተለበሰ ልብስም ይናገራል። ከመደርደሪያ የወረደ ደረቱ ላይ የእጥፋት መስመር አለው፤ ከመስቀያ የወረደ ደግሞ ትከሻው ላይ እንደ ጥጃ ቀንድ ብቅ ያለ ጉብታ አለው፣ የሰው ትከሻ ሲገባበት ግማሽ ቀን ሳይሞላው የሚጠፋ።

በገበያ ቀን የቆላው የዝቋላ ሰው ፍየሉን እየነዳ፣ መንገድ አድሮ ይመጣል፤ ፍየሉን ከሸጠ እግሩ መጀመሪያ እኛ ጋ ነው። አንዱ ኮት ያነሳል፣ ያሸታል፣ ወደ ፀሐይ አውጥቶ ውስጡን ይገለብጠዋል።

«እቴ ፋጤ፣ የዚህ ኮት ባለቤት ሞቶ ነው አይዶል?»

«አይዶለም፣ ወፍሮ ነው» ትላለች፣ ዓይኗን ከምትቆጥረው ሳታነሳ።

«ይሄን ሁሉ ክምር የለበሰው ሁሉ ወፈረ?»

«ፈረንጅ መቼ ይሞታል? ይወፍራል እንጂ! አንተም ልበሰውና እግዜር ያወፍርህ፣ ፍየልህን መስለሃል።»

ተራው በሙሉ ይስቃል፣ ሰውዬውም እየሳቀ ይለብሰዋል፣ ኪሶቹን አንድ በአንድ እጁን እየከተተ ይቆጥራል፣ ኪስ የበዛበት ኮት ለእነሱ ግምጃ ቤት ነው።

እማ ግን በዚህ ቀልድ ስቃ አታውቅም። እማ ሰልባጅ አትለብስም። «ባለቤቱ መጥቶ ልብሴን ቢለኝ ምን እመልስለታለሁ?» ትላለች። ጥቅምት ሲገባ ታስላለች፣ በላይዋ ላይ የሚደረብ ነገር የለም፣ ቤታችን ደግሞ ከሰቆጣ ዳር፣ ነፋሱ መጀመሪያ የሚያገኘው ቤት ነው። አንድ ጥቅምት ከቦንዳው ውስጥ አረንጓዴ ሹራብ መረጥሁ፣ ሁለቴ አጠብሁት፣ ተኮስሁት፣ ከጎረቤታችን ከእነ ሚፍታሕ ቡቲክ የለመንሁት አዲስ ፌስታል ውስጥ ከትቼ «አዲስ ነው እማ፣ ከቡቲክ ነው» አልኋት። ለብሳው ቤተ ክርስቲያን ሄደች። ሴቶቹ ሲዳስሱላት፣ «ልጄ ከቡቲክ ገዝታልኝ ነው» ስትል ከኋላዋ ቆሜ እሰማለሁ። ከወር በኋላ ከጎኑ ስፌት ውስጥ ጣት የምታህል ነጭ ጨርቅ አገኘች፣ በቀይ ክር ፊደል የተጠለፈባት። ማንበብ አትችልም፣ ስም እንደሆነ ግን አወቀች። ይዛልኝ መጣች። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

«ማን ይላል?»

«ማርታ ይላል፣ እማ።»

«እኮ ክርስቲያን ናት።»

 ሹራቡን አላወለቀችም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን ጠዋት ስትጸልይ፣ ሆዷ ሲባባ ሁልጊዜ እንደምታደርገው በእናቷ ቋንቋ በኽምጣና እያንሾካሾከች የሙታኖቿን ስም ስትጠራ፣ ከአባቷና ከእናቷ ቀጥላ ማርታንም ትጠራ ጀመር። ተኝቼ እሰማታለሁ። ብርድ ልብሱን ራሴ ላይ እስባለሁ። አንድ ቀን «ቆይ እማ፣ ማንም ገብቶበት የማያውቅ ልብስ እገዛልሻለሁ» አልኋት። «ይሁን» አለችኝ፣ «ይሁን ልጄ፣ እስከዚያ በማርታ እቆያለሁ።»

ነገሩን ከምንጩ ያየሁት እዚህ መጥቼ ነው። ከቤቱ ማዶ መንገድ ዳር ትልቅ የብረት ሣጥን ቆሟል፣ ልብስ የሚጣልበት፣ አፉ ወደ ውስጥ እንጂ ወደ ውጭ የማይሰጥ። መዳም የማትፈልገውን በላስቲክ ሞልታ «ሣጥኑ ውስጥ ክተቺው» ትለኛለች። ከመክተቴ በፊት ኪሱን እፈትሻለሁ፣ እጄ ለምዶ ነው። አንዳንዱ ወረቀቱ እንኳ አልተበጠሰም። መዳም አልሞተችም፤ መዳም ሳሎን ተጋድማ ስልኳን ታያለች። መጀመሪያ የከተትሁ ቀን ሣጥኑ አጠገብ ብቻዬን ቆሜ ሳቅሁ። እማ፣ ማርታ እኮ በሕይወት ትኖር ይሆናል! ሰልችቷት ይሆናል የጣለችው! አንቺ ይሄን ሁሉ ጊዜ ነፍስ ይማር ያልሽላት ሴትዮ ሌላ ሹራብ ለብሳ ከተማ ለከተማ ትዞራለች! ይህን ልነግራት ነበር። ስትስቅ ጥርሷን በነጠላዋ ጫፍ ትሸፍናለች፣ ያን ለማየት ነበር። ዛሬ ነገ አልሁ። አንድ ቀን ኔትወርኩ ይቆራረጣል፣ አንድ ቀን መዳም ትጠራኛለች። የመጨረሻ ጊዜ ሳናግራት «ብርዱ እንዴት ነው እዚያ? ምን ደርበሻል?» ስትለኝ መዳም ከላይ ጠራችኝ፣ «እደውላለሁ እማ» ብዬ ዘጋሁት። ምን እንደደረብሁ አልነገርኋትም። አንድ ቃል ነበር እኮ። ሹራብ። ሹራብ ደርቤያለሁ እማ።

ማክሰኞ ከአሱር ሶላት በኋላ መዳም ለዒድ ልብስ ልትገዛ ስትወጣ ዕቃ ያዥ ሆኜ ሄድሁ። የዚህ አገር ቡቲክ በሩ ራሱ ዘበኛ ነው፣ ያልተከፈለበት ይዘሽ ስትወጪ ይጮኻል፤ ሳልነካ እንኳ እጄን ደረቴ ላይ አጣምሬ ነው የማልፈው። መዳም አምስት ስድስት ሰበሰበችና ደስ ብሏት ነው መሰል «አንቺም አንድ ምረጪ» አለችኝ። «ለእናቴ ቢሆንስ?» አልኋት። «ለፈለግሽው።» በእነዚያ ሁሉ ረድፎች መሀል ገባሁ። ይህን ከፋይ ሳየው ቆምሁ። ቁጥሩን አላውቅም፣ የእማን ልክ የማውቀው በእቅፍ ነው፤ ስለዚህ ቀሚሱን ከነመስቀያው አቀፍሁት፣ እጄ ከኋላ የት ላይ እንደሚገጥም ለካሁ። ሻጯ አየችኝና ሳቀች። «የሚለካበት ክፍል የት ነው?» አልኋት በሰባራ ዐረብኛዬ። «እዚህ አይለካም። ቤት ወስደሽ ሞክሪው። ካልተለበሰና ወረቀቱ ካልተበጠሰ በሰባት ቀን ውስጥ ይመለሳል።» ይመለሳል? ሦስቴ ጠየቅኋት። በሰቆጣ ገበያ የተገዛ ልብስ እንኳን በሰባት ቀን፣ ፊትሽን ካዞርሽም አይመለስም። ያን ቀን ግን ምን ቸገረኝ፣ የሚመለስበት ምክንያት አልታየኝም። ማንም ያልገባበት ልብስ። ቃሌን ጠበቅሁ። ሌሊቱን ድስት እያጠብሁ እየዘፈንሁ ነበር።

ረቡዕ ደወልሁ። ባንቺ ወትሮ «ፊቴ ጥላሸት ነው» ብላ በኢሞ ምስል አትከፍትም፣ ያን ቀን ከፈተችው። ቢጫ ቀሚስ ለብሳለች። እንደ አደይ የሚጮህ ቢጫ፣ በሁዳዴ፣ በረቡዕ፣ በዓል የለ ሠርግ የለ። ሻሿን እስከ ቅንድቧ አውርዳ፣ ጆሮዋን ከድና ጥብቅ አድርጋ አስራዋለች።

«እታለም! እንዴት ነሽልኝ?»

«ደኅና ነኝ። ምነው፣ ሙሽራ መስለሻል?»

«ገዛሁታ! እኛስ ሰው አይዶለን?»

«እማስ?»

«ፀበል ገብታለች። ሳሏ በረታባትና... ደኅና ናት፣ ስልክ የማይሠራበት ሆኖ ነው።»

«ቀሚስ ገዝቼላታለሁ እኮ ባንቺ። አዲስ። እይው።» ወደ ስልኩ አስጠጋሁት። ባንቺ አየችው፣ ዓይኗም እዚያው ቀረ። ከንፈሯ እየሳቀ ዓይኗ አይንቀሳቀስም።

«አይሆናትም» አለች።

«እንዴት አይሆናትም? ለክቼው ነው።»

«ወፍራለች። እማ ወፍራለች አሁን። የሚመለስ ከሆነ መልሺው፣ ለራስሽ የሚሆን ውሰጂበት።»

ወፍራለች። በሁዳዴ፣ በሳል፣ በዚህ ዝናብ በቀረበት ዓመት፣ እማ ወፈረች።

«ፅዮንን ስጪኝ» አልኋት። ልጄ ከጎን ብቅ አለች፣ ሁለት የፊት ጥርሶቿ ወልቀዋል፣ ማን እንደነቀለላት አልጠየቅሁም። «ፅዮንዬ፣ እማ የት ሄደች?» አክስቷን ቀና ብላ አየች። ከዚያ የኔታ ፊት እንደቆመ ተማሪ ድምጿን ከፍ አድርጋ «ፀበል ገብታለች!» አለችኝ። ባንቺ ራሷን ዳበሰቻት፣ ደግ አደረግሽ እንደማለት። እጇ ከፍ ሲል ከእጅጌው ውስጥ የዋጋ ወረቀት ብልጭ ብሎ ገባ። ያኔ ነው ትከሻዋን ያየሁት። ሁለቱ የጥጃ ቀንዶች ቆመዋል። ደረቷ ላይ የእጥፋቱ መስመር እንደተሰመረ ነው። ከኋላዋ ያለው ሰማያዊ ሳንቃም የኛ ቤት ግድግዳ አይደለም፤ እኔ ራሴ ምስማር የመታሁበት የእትዬ ፋጤ የጓዳ መደርደሪያ ነው። ቀሚሱን የለበሰችው እኔ ስደውል ነው። ስዘጋ ታወልቀዋለች።

ሁሉንም አየሁት፣ አብሬያቸው እንደቆምሁ ያህል። ባንቺ ጥቁሯን ለብሳ፣ ራሷን ተላጭታ፣ ስልኩን ይዛ ወደ መደብሩ ትሮጣለች፣ «እታለም እየደወለች ነው፣ ምን ልበላት?» እትዬ ፋጤ ከሚያበራው ሁሉ የሚያበራውን ከመስቀያው ታወርዳለች። «ጥቁር ለብሰሽ ልታናግሪያት ነው? ብቻዋን እኮ ናት ልጅቷ! ነይ ይችን ልበሺ። እንባሽን ጥረጊ፣ ሳቂ።» እትዬ ፋጤ ሁዳዴን ከየት ታስታውስ፣ የራሷን ፆም ይዛ። ባንቺም ከሐዘኗ ጋር ቀኑን ከየት ትቁጠር። ለጥቁር ማምለጫ ቢጫ መሰላቸው። ደግሞ ማንን እንደሚያታልሉ ረሱ፤ እኔን እኮ ነው፣ ያንኑ መደርደሪያ ስደረድር የኖርሁትን። ሻሽሽን ከፍ አድርጊው ልላት ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። የምትደበቀውን እህቴን አየሁና «አምሮብሻል ባንቺ፣ ይመችሽ» አልኋት። እኔም እማን በፌስታል አታልያት ነበር። እማም አውቃ ዝም ብላኝ ነበር።

አሁን ሦስት ተኩል አልፏል። ጉሙ መስኮቱን ሸፍኖታል። በሩን ባልከፍትላቸውስ? ያልተነገረ መርዶ መርዶ አይደለም፤ በሩ እስካልተከፈተ ድረስ እማ ፀበል ናት፣ ወፍራለች፣ ወረቀቱም አልተበጠሰም፣ እስከ ማክሰኞ ጊዜ አለኝ። ቀሚሱን መልሼ ለፅዮን መውሰድ እችላለሁ። ባንቺም መልሺው ነው ያለችኝ። ግን እማ የት ነው የሚለቀስላት? እዚያ ልብሷን አውጥተው ይሆናል፣ ነጠላዋን፣ የማርታን ሹራብ፤ ክርኑ እንዴት እንደሳሳ፣ ጉልበቷ የነካው ጫፉ እንዴት እንደለፋ እያሳዩ አልቅሰውላት ይሆናል። እኔ ጋ ያለው ይህ ነው። ይህ ደግሞ ገና ማንንም አያውቅም። ባዶ ልብስ ይዤ ምን ብዬ አለቅሳለሁ?

የበሩ ደወል ይጮኻል። ወደ ወጥ ቤት እወጣለሁ፤ ግድግዳው ላይ ያለችው ትንሽ የካሜራ መስኮት በርታለች፣ ከደጅ የቆመውን የምታሳየዋ። ሦስት ሴቶች፣ ሦስቱም ጥቁር። እዚህ ሁሉም ጥቁር ነው የሚለብስ፣ ሠርገኛዋም ገበያተኛዋም። ጥቁሩ ምንም አይነግረኝም። የሚናገረው እጃቸው ነው፤ ሦስቱም እጃቸውን ሆዳቸው ላይ አጣምረዋል፣ ማንም ጨዋታ አልያዘም፣ ማንም ፌስታል አልያዘም። ሊጠይቅ የመጣ ሰው ባዶ እጁን አይመጣም።

ወደ ክፍሌ ተመለስሁ። ቀሚሱን ከመስቀያው አወረድሁትና ለበስሁት። የእማ ልክ የኔ ልክ ነው፤ ሁለት ዓመት አላየኋትም፣ እኔ መቼ እሷን እንዳከልሁ አላየሁም። ክርኔን አጠፍሁ፣ ዘረጋሁ፣ ደግሜ አጠፍሁ። እማ እንደምትቀመጠው ጉልበቴን አቅፌ መሬት ላይ ተቀመጥሁ። እማ እንደምትሰግደው ሦስት ጊዜ ሰገድሁ፣ ከፋዩ ጉልበቴ ላይ እስኪተኛ ድረስ። እጅጌውን አፌ ላይ አድርጌ ሳልሁበት። ትከሻው ላይ ያሉትን ቀንዶች በመዳፌ ተጭኜ አለሰለስኋቸው። ደወሉ ደግሞ ጮኸ። ወረቀቱን ያዝሁና ሳብሁት፤ ላስቲኩ ትንሽ እምቢ አለና ተበጠሰ።

በሩን ስከፍት ጉሙ ቀድሟቸው ገባ። ሪሃና ፊቷን ገልጣ ቆማለች፣ ሁለቱ ሴቶች ከግራና ከቀኜ ሊቆሙ እየተጠጉ ነው። ከላይ እስከ ታች አየችኝ፣ ዓይኗም ቀሚሱ ላይ ቆመ።

«አዲስ ልብስ ነው?»

«አይ፣ የተለበሰ ነው» አልኋት። «የእማ ነው።»